የጨው ውሃ ገንዳ አልጌ እና አጽጂ እንስሳት፦ ከቁጥር በፊት አፋቸውን እንይ

«የዓሣ ገንዳዬን አልጌ ወረረው፤ ስንት ቀንድ አውጣ ልጨምር?» የሚለውን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር የማዝነው ለቀንድ አውጣዎቹ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ እየተባለ በቁጥር ይሰጣል። እንስሳቱ ይገዛሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት መስታወቱ ጥርት ይላል፤ ከዚያ የሚበላው ያልቃል። ወራት ሲያልፉ ብዙዎቹ ባዶ ዛጎል ሆነው አሸዋው ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ድንጋዩ ላይ ያለው ረጅም ጸጉራም አልጌ ግን ቦታውን አልለቀቀም፤ እንዲያውም የሞቱት እንስሳት ሥጋ በስብሶ መግቦታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀንድ አውጣ የበላው አልጌ ከገንዳው አይወጣም። አልጌው ውስጥ የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በአብዛኛው በእዳሪ መልክ እዚያው ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ ባክቴሪያ ይፈታዋል፤ ሌላ አልጌ መልሶ ይወስደዋል። የአልጌውን ምግብ ከገንዳው የሚያስወጡት ሌሎች ናቸው፦ አልጌውን ነቅሎ የሚጥል እጅ፣ ቆሻሻውን የሚመጥ ቱቦ፣ በየጊዜው የሚታጠብ የማጣሪያ ከረጢት፣ አረፋ ሰብስቦ የሚያወጣው ስኪመር፣ የውሃ ቅየራ። እንስሳቱ የተጸዳውን ገንዳ ንጹሕ አድርገው ይይዛሉ፤ የተወረረውን ገንዳ ብቻቸውን አያድኑም። አብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች የሚበሉት በሻካራ ምላሳቸው የሚፍቁትን ስስ ሽፋንና ገና የበቀለ ቡቃያ ነው። ረዝሞ የተጎነጎነ አልጌ ለአፋቸው አይመችም።

ስለዚህ እንስሳ ከመምረጥ በፊት ገንዳው ውስጥ የበቀለው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። «አልጌ» እየተባለ ከሚጠራው ነገር አንዳንዱ አልጌ እንኳ አይደለም፤ አንዱን የሚያጠፋው እርምጃ ሌላውን ያፋፋል።

በአዲስ ገንዳ መጀመሪያ የሚታየው ቡናማ ዱቄት ዳያተም ነው። በጣት ሲነካ ወዲያው ይለቃል። ከአዲሱ አሸዋ፣ ከድንጋዩና ከውሃው የሚመጣውን ሲሊኬት ይጠቀማል፤ ሲሊኬቱ ሲያልቅ እሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። መድኃኒት መግዛት አያሻም። ከሁለት ወር በላይ ከቆየ ግን ውሃ ማጣሪያውን መጠርጠር ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በስስ ሽፋን የሚያጣራ) መሣሪያው መጨረሻ ላይ ያለው ሬዚን፣ ማለትም የቀረውን ማዕድን የሚይዘው ጠጠር፣ ሲደክም በመጀመሪያ ከሚያሳልፋቸው ነገሮች አንዱ ሲሊኬት ነው፤ የቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር) መለኪያውም ገና 0 እያለ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ እስኪወጣ ሳይጠብቁ ሬዚኑን መቀየር ያዋጣል።

ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ምንጣፍ መስሎ አሸዋ ላይ የሚነጠፈውና በቱቦ ሲመጠጥ እንደ ጨርቅ ተገፎ የሚነሣው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ስሙ እንደሚለው ባክቴሪያ ነው፤ ቀንድ አውጣዎች በአብዛኛው አይነኩትም። የሚወደው ውሃ የማይንቀሳቀስበትና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጥግ ነው። ምንጣፉን መጥጦ ማውጣት፣ የፓምፑን አቅጣጫ ወደዚያ ጥግ ማዞር፣ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ዝቃጭ ማጽዳት፤ ሦስቱን ለተከታታይ ሳምንታት ከተገበሩ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሳያኖ የሚሸጡ ማከሚያዎች ፈጥነው ያጠፉታል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ሲበሰብስ የውሃው ኦክስጅን ይወርዳል። የአየር ድንጋይ ሳያስገቡና ፓምፑን ወደ ውሃው ገጽ ሳያዞሩ ማከሚያ መጨመር ዓሣዎቹን ሌሊቱን ሊገድል ይችላል። ጥጉ ካልተጸዳ ደግሞ ምንጣፉ ተመልሶ ይነጠፋል።

አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት የሚሟሽሽ ጸጉር ብዙ ጊዜ ደርቤሲያ ወይም የቅርብ አምሳያው ነው። ከእሱ ጋር የሚምታታው ብራዮፕሲስ ቀረብ ብለው ሲያዩት ከመሐል ግንዱ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ያወጣና ላባ ይመስላል። መለየቱ ዋጋ አለው፤ ብራዮፕሲስን ደፍሮ የሚበላ እንስሳ ጥቂት ነው፤ በእጅ ቢነቀልም ድንጋዩ ላይ ከቀረችው ቁራጭ መልሶ ይበቅላል። ለእሱ የሠራው ፍሉኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ተሟሙቶ ይጨመራል፤ የከሰል ማጣሪያው ይወጣል፤ ስኪመሩም መድኃኒቱን ይዞ እንዳይወጣ ለሁለት ሳምንት ያህል መሰብሰቢያ ጽዋው ይነሣል። አልጌው ነጥቶ ሲሞት የያዘውን ሁሉ ውሃው ውስጥ ይለቃል። በዚያ ሳምንት እየመጠጡ ካላወጡት የሞተው ብራዮፕሲስ ለሌላ አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል።

የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ኳስ መስሎ የሚበቅለው ቫሎኒያ ነው። ጥቂት ከሆነ ኳሱን ከሥሩ በጥፍር ወይም በወረንጦ ማላቀቅና ቱቦውን አጠገቡ አድርጎ መምጠጥ ይሻላል፤ ቢፈነዳም የፈሰሰው ወዲያው ይሳባል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልግባ፤ ዳይኖፍላጀሌት። ቡናማ ንፍጥ ይመስላል፤ በውስጡ የአየር አረፋ ይዞ በክር መልክ ይንጠለጠላል፤ መብራት ሲበራ ይወፍራል፤ ሌሊት ይሳሳል፤ ጠዋት ገንዳው የዳነ ይመስላል። ቀላል መፈተኛ አለው። ንፍጡን ከገንዳው ውሃ ጋር በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አጥብቆ መናጥ፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወደ ብርጭቆ ማጥለል፣ ብርጭቆውን መብራት ሥር ማስቀመጥ። ጥርት ብሎ የወረደው ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሶ ክርና ጉብታ ከሠራ ዳይኖ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ደግሞ ዓይነቱን ይለያል፤ እዚህ ላይ መለየት ግዴታ ነው እላለሁ። ኦስትሪዮፕሲስ የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው፤ ሌሊት ወደ ውሃው ስለሚወጣ የአልትራቫዮሌት መብራት ማጣሪያ ይገድለዋል። ትልልቁ አምፊዲኒየም ግን አሸዋው ውስጥ ይቆያል፤ መብራቱ አያገኘውም።

ብዙ ዳይኖ የሚነሣው የአልጌ ምግብ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት 0 በሆኑበት ገንዳ ውስጥ ነው። ተፎካካሪዎቹ ሁሉ በረሃብ ሲሞቱ ሜዳው ለእሱ ይቀራል። ስለዚህ ገንዳው «ቆሽሿል» ብሎ ውሃ መቀያየር፣ ምግብ መቀነስና ፎስፌት ማስወገጃ መጨመር በሽታውን ያባብሳል። ሕክምናው ተቃራኒው ነው፤ ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ፎስፌቱን ወደ 0.1 ገደማ ማድረስና እዚያ ማቆየት። ቀንድ አውጣዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ደንዝዘው ከመስታወቱ እየወደቁ ከሞቱ ዳይኖን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት የበላውን ይመርዛል። እንዲህ ባለ ገንዳ ላይ አዲስ አጽጂ እንስሳ መጨመር እንስሳውን መርዝ ማብላት ስለሆነ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሐምራዊና ሮዝ ሆኖ ድንጋዩ ላይ እንደ ቀለም የሚደርቀው ኮራላይን ግን አልጌም ቢሆን ወዳጅ ነው። ድንጋዩን ሲሸፍነው ለሌላው የሚበቅልበት ቦታ ያሳጣል። ይተው።

ምግቡ ከየት ይመጣል?

ጸጉራም አልጌ ወፍሮ ሳለ የናይትሬትና የፎስፌት መመርመሪያው 0 ሲያሳይ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። መመርመሪያው አልዋሸም፤ የሚለካው ውሃው ውስጥ የቀረውን ነው፤ የገባውን አልጌው ቀድሞ ወስዶታል። ስለዚህ ከቁጥሩ እኩል ዓይንንም ማመን ነው። ኮራል ላለበት ገንዳ ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ጥሩ ክልል ነው። 0 ግብ መሆን የለበትም።

የውሃ ቅየራ ጥሩ ልማድ ነው፤ አቅሙ ግን መታወቅ አለበት። በየሳምንቱ 10 በመቶ የሚቀየርበት ገንዳ ናይትሬቱ 40 ከሆነ ከመጀመሪያው ቅየራ በኋላ 36 ይሆናል። አንዲት ጠብታ አዲስ ናይትሬት ባይጨመር እንኳ ወደ 10 ለመድረስ 13 ወይም 14 ቅየራ ይፈልጋል። በሁለት የ50 በመቶ ቅየራ እዚያው ይደረሳል፤ ግን የአዲሱ ውሃ ሙቀትና ጨዋማነት ከገንዳው ጋር እኩል መሆን አለበት። ፎስፌት ለዚህ ስሌት አይገዛም፤ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ ተጣብቆ ይቀመጥና ከውሃው ሲቀንስ ከድንጋዩ ይለቀቃል። በፊት በሌላ ገንዳ የኖረ ደረቅ ድንጋይ ለወራት እየለቀቀ ሊቆይ ይችላል። በብረት ኦክሳይድ የተሠራውን ፎስፌት ማስወገጃ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን አድርጎ መጀመርና በየሁለት ሦስት ቀኑ መመርመር ነው። ፎስፌት በድንገት ሲወርድ ኮራል ሥጋው ይላቀቃል።

ትልቁ በር የምግብ ሰዓት ነው። በረዶ ሆኖ የተቀመጠ ምግብ በትንሽ የገንዳ ውሃ ቀልጦ ጭማቂው በወንፊት ይፍሰስ፤ ሥጋው ብቻ ይሰጥ። ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ ከሚጨርሱት በላይ አይጨመር። የማጣሪያ ከረጢት በሁለት ሦስት ቀን ይታጠብ፤ ሳምንት ከቆየ የያዘው ቆሻሻ እዚያው እየበሰበሰ ወደ ውሃው ይመለሳል። የገንዳው መብራት በቀን ለ8 ወይም ለ9 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃል፤ የመስኮት ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ይሸፈን። ከገንዳው ሥር ውሃው የሚዘዋወርበት ሁለተኛ ዕቃ ያለው ሰው ኬቶሞርፋ የተባለውን ሽቦ መሳይ አልጌ እዚያ ቢያሳድግና መብራቱን በሌሊት ቢያበራ ምግቡን ለዚያ ያጋራል። ነገር ግን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከፊሉ እየተነቀለ ካልወጣ ጥቅሙ ይቀራል።

የእጅ ሥራውን የሚተካ ነገር የለም። የሚነሣውን ድንጋይ አውጥቶ በገንዳ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ፣ ውሃውን መድፋት። የማይነሣ ከሆነ ቀጭን ቱቦ ከብሩሹ ጋር አስሮ እየፈተጉ መምጠጥ ይቻላል፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ማጣሪያ ከረጢቱ ውስጥ ማድረግ ውሃው ሳይጎድል አልጌው ብቻ እንዲቀር ያደርጋል። ከረጢቱ በዚያው ቀን ይለወጥ። ሲፈትጉ ፓምፖቹ ይጥፉ፤ የተበጣጠሰ አልጌ በገንዳው ሁሉ ተበትኖ እንደገና ይተከላል። በአንድ ቀን ሁሉንም ከመንካት የገንዳውን ሢሶ ብቻ በየሳምንቱ መሥራት የተሻለ ነው። ከውሃ የወጣ ድንጋይ ላይ የቀረውን ሥር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በብሩሽ ቀብቶ ሁለት ደቂቃ ማቆየት፣ በጨው ውሃ አለቅልቆ መመለስ ይቻላል። ፈሳሹ ኮራልና ሽሪምፕ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

እንስሳቱ

ከዚህ በኋላ ነው እንስሳ የሚመረጠው፤ መምረጫውም የሚበላው ነገር ነው።

ለመስታወትና ለድንጋይ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ብቻ ምረጥ ብባል ትሮከስን እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ስስ ሽፋን ይፍቃል፤ ሲገለበጥ ራሱን ይመልሳል፤ ደልቶት ከኖረ ገንዳ ውስጥ ይራባል። ርካሹና በብዛት የሚሸጠው አስትሪያ ሥራው አይከፋም፤ ችግሩ አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ ራሱን መመለስ አለመቻሉ ነው። የሚያቀናው ሰው ካላገኘ እዚያው ይሞታል ወይም ሸርጣን ይበላዋል። ተርቦ ትልቅና ብርቱ በላተኛ ነው፤ አጠር ያለ ጸጉራም አልጌንም ይደፍራል። ያልተጣበቀ ኮራልን ግን እየገፋ ይጥላል። የሜክሲኮው ተርቦ ደግሞ የመጣው ቀዝቀዝ ካለ ባሕር ስለሆነ በ26 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ያን የሚያህል ሥጋ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ሳይታይ ሞቶ ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስነሣል። ሴሪዝ ትንሽ፣ ሹል፣ የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ አሸዋውን፣ የድንጋዩን ሥርና የመስታወቱን ታች ይይዛል። ትልልቆቹ የማይገቡበት ስንጥቅ የእሱ ነው።

ናሳሪየስ የተባለው ቀንድ አውጣ አልጌ አይበላም፤ ይህን ሳያውቁ ለአልጌ የሚገዙት ብዙ ናቸው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የምግብ ሽታ ሲደርሰው ብቅ ይላል፤ የተረፈ ምግብና የሞተ ሥጋ ያነሣል። ሁለት ሦስት ብቻ ይበቃሉ። አሸዋው ላይ ለሚታየው ሽፋን ኮንክ የተባለው ቀንድ አውጣ ጥሩ ነው፤ በ200 ሊትር ገንዳ ከአንድ በላይ መግዛት አንዱን ማስራብ ነው። አሸዋ የሚያበጥረው የባሕር ኮከብ ለቤት ገንዳ አይመከርም፤ አሸዋው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ጥቃቅን ፍጥረታት ጨርሶ በወራት ውስጥ በረሃብ ይሞታል። የባሕር ኪያር አሸዋ ያጸዳል፤ ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ከተቆረጠ ግን የሚለቀው መርዝ ዓሣዎቹን ሊፈጅ ስለሚችል የፓምፑ መምጠጫ በስፖንጅ ሳይሸፈን አይገባም።

ሰው ዛጎል ለብሶ የሚኖረውን ሄርሚት ሸርጣን ይወዳል፤ እኔም ማየቱን እወዳለሁ። አልጌ ይለቅማል፤ የወደቀ ምግብ ያነሣል። ሲያድግ ግን ሰፊ ዛጎል ይፈልጋል፤ ባዶ ካላገኘ ቀንድ አውጣውን ገድሎ ይወስዳል። ካስገባችሁ ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ባዶ ዛጎል፣ ከለበሰው ከፍ ያለ መጠን ያለውን ጨምራችሁ ተዉለት። ያም ሆኖ ቅሚያው ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ኤመራልድ ሸርጣን ቫሎኒያ ለመብላት ይታወቃል፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ዞር ብሎም አያየው። ትልቅ ሲሆንና ሲርበው ኮራል መቆንጠር ይጀምራል፤ በ100 ሊትር ከአንድ አይለፍ።

የባሕር ጃርት ጠንካራ ጥርስ ስላለው ቀንድ አውጣ የተወውን ይፍቃል። ከነሱ ውስጥ ሰማያዊ ሰንበር ያለው አጭር እሾኹ ቱክሲዶ ለቤት ገንዳ ይስማማል። ኮራላይኑንም ይበላል፤ ያልተጣበቀ ነገር ሁሉ ተሸክሞ ይዞራል፤ ስለዚህ ኮራሎቹ በማጣበቂያ ይጽኑ። የባሕር ጥንቸል፣ በተለይ ዶላቤላ፣ ረጅም ጸጉራም አልጌን እንደ በግ ይግጣል። ሲያልቅበት ግን በፍጥነት ይከሳል፤ ሲደነግጥ ወይም በፓምፕ ሲጎዳ ሐምራዊ ቀለም ይለቃል፤ ያን ጊዜ ከሰል ማጣሪያና ብዙ የውሃ ቅየራ ያስፈልጋል። የሚቀጥለው አልጌ የበዛበት ገንዳ ማን ቤት እንዳለ ሳያውቁ አይግዙት።

ዓሣም አለ። ላውንሞወር ብሌኒ ስስ ሽፋን እየነከሰ ይኖራል፤ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ ግን ሆዱ ይጎደጉዳል። ታንጎች ቀኑን ሙሉ ስለሚዋኙ ቢያንስ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ ይፈልጋሉ፤ ለአልጌ ብሎ በ80 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ውስጥ መዝጋት በደል ነው። ፎክስፌስ ሌሎቹ የማይነኩትን ይበላል፤ የጀርባው እሾህ መርዛማ ስለሆነ እጅ ሲገባ ጥንቃቄ ይሻል።

ቁጥሩስ? በአራት ሊትር አንድ ቀንድ አውጣ የሚለው የቆየ ቀመር ለ200 ሊትር ገንዳ 50 እንስሳ ያዝዛል፤ ያን ያህል የሚያበላ ገንዳ አላውቅም። አሞኒያና ናይትራይት 0 ሆነው፣ የመጀመሪያው ቡናማ ሽፋን ሲታይ፣ በ4 ትሮከስ፣ በ4 ሴሪዝና በ2 ናሳሪየስ መጀመር። አራት ሳምንት መጠበቅ። መስታወቱ ከተጠረገ በሁለት ቀን ውስጥ መልሶ ከደበዘዘ ሁለት ትሮከስ መጨመር፤ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ምንም አለመጨመር። የባሕር ጃርት ገንዳው ስድስት ወር ሲሞላው ይምጣ።

ሲገቡ የሚገድላቸው የጨዋማነት ልዩነት ነው። የገንዳው 35 በሺህ ሆኖ የከረጢቱ 30 ሊሆን ይችላል፤ በሪፍራክቶሜትር (የጨዋማነት መለኪያ) ይለካ። ከረጢቱ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ በቀጭን ቱቦ በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ እያንጠባጠቡ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማላመድ፤ የከረጢቱን ውሃ መድፋት፤ እንስሳውን በእግሩ በኩል ድንጋይ ላይ ማኖር። ዛጎሉ ላይ የተለጠፈ አልጌ አስቀድሞ ይፈተግ፤ ብራዮፕሲስ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። የዓሣ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ጥገኛ ተሕዋስም በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ዛጎል ላይ ተጣብቆ ሊመጣ ስለሚችል፣ የሚችል ሰው ዓሣ በሌለበት ዕቃ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያቆያቸው። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት እነዚህ እንስሳት ባሉበት ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

የማይንቀሳቀስ ቀንድ አውጣ ሁሉ ሙት አይደለም። አንሥቶ ማሽተት ነው፤ የሞተ በማያሻማ ሁኔታ ይገማል፤ ወዲያው ይውጣ። አልጌው አልቆ መስታወቱ ለሳምንታት ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ደግሞ እንስሳቱን መመገብ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ቅመም የሌለው የደረቀ ኖሪ (የሚበላ የባሕር አልጌ)፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ፣ በትንሽ ድንጋይ ተጭኖ መብራቱ ሲጠፋ ይቀመጥ፤ ጠዋት የተረፈው ይነሣ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃቸዋል።